ከደወሉ በፊት የምትመጣው መምህርት

በ2009 ዓ.ም. እኔ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሱሉልታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። በር እከፍታለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣ ደወል እመታለሁ። ደወሉ ከጥዱ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። መምህርት ነፊሳ ወደዚያ በር የመጣችው በዚያ ዓመት መስከረም ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ሞተች። ስለሷ ሌላ ሰው ቢጽፍ ይሻል ነበር፤ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ እሱንም በግማሹ። ግን እኔ የማውቀውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ አይጽፈውም።

ቤቷ ቡራዩ ነበር። አባቷ እዚያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ፤ ሦስት ታክሲ ቀያይራ ነው የምትመጣው። የኔ ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። እሷ ግን ትቀድመኛለች። ቁልፌን ይዤ ስደርስ ሻርፗን እስከ አገጯ ጠቅልላ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ፣ በሩን ተደግፋ አገኛታለሁ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ደበላ?» ትለኛለች። ኦሮምኛዋ ከዚህ ብዙም አያልፍም ነበር፤ ይችኑ ግን አንድ ቀን አላስታጎለችም።

«ደህና። ዛሬም ቀደምሽኝ?»

«እርስዎ አርፍደው ነው እንጂ እኔ አልቀደምኩም።»

ይህን ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ቁመቷ አጠር ያለ ነው። መነጽሯን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ስትናደድም፣ ስታዝንም፣ መልስ ስትፈልግም ያንኑ መነጽር ነው የምትጠርገው። ሰው ሁሉ የሚስቅባት ግን በሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ከመጀመሪያው ደወል በኋላ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። የሱሉልታ ጠዋት ሲሚንቶው እንደ በረዶ ነው፣ እሷ በካልሲ ትገባበታለች። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ከክፍሉ ትንፍሽ የሚል የለም። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ትወጣና ጫማዋን ታደርጋለች።

ጫልቱን ጠየቅኳት። ጫልቱ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ሆለታ አበባ እርሻ ትሠራለች፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ያኔ የነፊሳ ተማሪ ነበረች።

«አስተማሪሽ ምን ሆና ነው ጫማዋን የምታወልቀው?»

«ስትሄድ ስትመጣ እንዳይረብሸን ነው፣ አካኮ። እያነበብን።»

«እያነበባችሁ? ድምፃችሁ የታለ ታዲያ?»

«ውስጥ ነው» አለች።

ውስጥ ነው! በዚህ ስንት ቀን ሳቅኩ መሰላችሁ። በኛ ትምህርት ቤት ንባብ ማለት ጩኸት ነው። መምህሩ አንድ መስመር ይላል፣ ስድሳ ልጅ ተቀብሎ ይጮኻል። ዲሬክተሩ «ድምፃችን አስፋልቱ ድረስ ካልተሰማ ትምህርት ቤት አይደለንም» ይል ነበር። እኔም ከሱ ጋር ነበርኩ። ጫልቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ደጃፌ ላይ መጽሐፏን ስትጮህበት ጎረቤት ቆሞ ይሰማት ነበር። «የኦቦ ደበላ ልጅ እንዴት ታነባለች!» ሲሉ ደረቴ ይነፋል።

ያን ደረት ያስተነፈሰችው ነፊሳ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ። ጫልቱ አጠገቧ ቆማለች።

«ኦቦ ደበላ፣ ይህን መጽሐፍ የፈለጉበት ቦታ ይግለጡላት» አለችኝ።

ገለጥኩ። ጫልቱ መጽሐፉን ተቀብላ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስለ ንብ አነበበች፤ አንድ ቃል አልተደናቀፈችም። ነፊሳ የተገለጠውን ገጽ ወደ እኔ አዞረችው። የተሳለው አህያ ነው። እኔም ፊደል እየለቀምኩ ርእሱን አየሁት፤ ስለ አህያ ነው። ንብ የሚባል ነገር የለበትም።

«ጆሮዋ ጎበዝ ነው» አለች ነፊሳ መነጽሯን እየጠረገች። «መጽሐፉን በሙሉ በጆሮዋ ይዛዋለች። ዓይኗ ግን ገና አልተመዘገበም።»

ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ተናደድኩ። በልጅቷ አይደለም፣ በመምህርቷ። የለበስኩትን ልብስ ሰው ፊት ገፍፋ የወሰደችብኝ መሰለኝ።

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ ያስተማራችኋት?» አልኳት።

«እኛ ነን» አለች። «ለዚህ ነው ጫማዬን የማወልቀው።»

ሥራዋ እንዲህ ነው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ያረጁ የተረት መጻሕፍት ከቡራዩ በሦስት ታክሲ ተሸክማ አምጥታለች። ልጆቹ ጠዋት ከአጥሩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይቀጥፋሉ፣ በቧንቧው ያጥቡታል፣ በከንፈራቸው ይይዙታል። መንከስ የለም። ከንፈር ከተንቀሳቀሰ ቅጠሉ ይወድቃል። ከዚያ እያንዳንዱ የየራሱን መጽሐፍ በዓይኑ ያነባል። ሃያው ደቂቃ ሲያልቅ «አንብቢልኝ» አትልም። አጠገባቸው ቁጢጥ ትልና «ምን አገኘሽ? ምን አገኘህ?» ትላለች። ልጁ ያገኘውን በጆሮዋ ይነግራታል። አልገባኝም ካለ «የት ጋ ነው የጠፋብህ?» ብላ እዚያው መስመር ላይ ጣቷን ታደርጋለች። አትማታም፣ አትሳደብም። ሥራዋ ይኸው ነው።

«እዚህ ፍየል ነው እንዴ የምናስተምረው?» አልኳት ስለ ቅጠሉ።

«ፍየል ብትሆን ትበላዋለች፣ ኦቦ ደበላ። የኔዎቹ እስካሁን አልበሉትም» አለች። ደግሞ ቆም ብላ፣ «አፋቸው የሸመደደውን ሲያወጣ ዓይናቸው ወረቀቱን አያየውም። ሃያ ደቂቃ አፋቸውን ላሳርፈው ብዬ ነው። እርስዎስ ቢሆኑ፣ ሰው ሲያነብልዎት የሰውየውን ድምፅ ነው የሚሰሙት፤ ወረቀቱ ምን እንዳለ በምን ያውቃሉ?»

ነግራኛለች እንግዲህ። አልነገረችኝም አልልም።

በነዚያ ሃያ ደቂቃዎች እንጨት እንዳልፈልጥ ለመነችኝ። እኔ ደግሞ ሲለምኑኝ እንጂ ሲያዙኝ አልወድም፤ ልመናዋም ትእዛዝ መሰለኝ። አንድ ጠዋት ሆን ብዬ መጥረቢያዬን አንስቼ ከክፍሏ ጀርባ መፍለጥ ጀመርኩ። በካልሲዋ ጠጠሩ ላይ ወጣች። ቆማ አየችኝ።

«አልጨረስኩም» አልኳት።

«እነሱም አልጨረሱም» አለች።

ቆመች። ካልሲዋ ጭቃ እየጠጣ ነው። መጥረቢያዬን አስቀመጥኩ፤ ግን በሆዴ ያዝኩባት።

ቤቴም ዝም አለ። ጫልቱ ደጃፍ ላይ መጮኋን ተወች። ቅጠሏን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ጎረቤት «ልጅቷ ትምህርት ተወች እንዴ?» እያለ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ ሰሞን ቅጠሉ በየደቂቃው ይወድቅባት ነበር፤ አንድ ገጽ ላይ ስታለቅስ ትውላለች። የገና በዓል ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን እኔ በርበሬ ስለቅም እሷ ድንገት ሳቀች። ቅጠሉ ተፈናጥሮ ወደቀ። ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ምንድነው?»

«ዝንጀሮው ነው አካኮ! ቆይ፣ ልጨርሰው።»

ማንም ያልነገራትን ነገር አግኝታ ሳቀች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ውጭ ቀረሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ቀናሁ። ይኸው ነው እውነቱ።

የካቲት ላይ ከበላይ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ዲሬክተሩ በግ አሳርዶ ነበር። መጀመሪያ ሦስተኛ ክፍል አስገባው። ዝምታ። ሃምሳ ምናምን ልጅ ቅጠል በከንፈሩ ይዞ አንገቱን ደፍቷል።

«መምህርት፣ ያስነብቧቸው እንጂ!» አለ ዲሬክተሩ አፍሮ።

«እያነበቡ ነው» አለች። ወደ እንግዳው ዞር ብላ፣ «ካላመኑኝ አንዱን ምን አገኘህ ብለው ይጠይቁ። ሌሎቹንም ክፍሎች ያልሸመደዱትን ገጽ ይስጧቸው» አለችው።

እንግዳው ሳቅ ብሎ አንዱን ጠየቀ፣ ሁለቱን ጠየቀ። ልጆቹ መለሱለት። ከዚያ አራተኛ ክፍል ገባ። እኔ ወንበር ተሸክሜ ከኋላ ነበርኩ። አራተኛ ክፍሎች አንዷን ገጽ እየጮኹ አወረዷት፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። እንግዳው እጁን አነሳና «አሁን ገጽ ሠላሳ አንድ» አለ። ዝም። አንድ ልጅ ጣቱን አላወጣም። የዝምታ ዓይነቱ ብዙ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። እንግዳው በጉን ሳይቀምስ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ዲሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ለዘበኛ ወንበር ሰጥቶ አያውቅም።

«ኦቦ ደበላ፣ ይህች ሴት ትምህርት ቤታችንን አዋርዳለች። የርስዎም ልጅ ድዳ እየሆነች ነው አሉ።»

«እሱስ እውነት ነው» አልኩ።

«ወላጆችና ሠራተኞች የፈረሙበት ወረቀት አለ። እርስዎም ይፈርሙ።»

«ምን ይላል? አንብብልኝ።»

ድምፁ መልካም ነው፤ ለንባብ የተፈጠረ ነው። ቆሞ አነበበልኝ፦ «ልጆቻችን እንደ ሌሎች ልጆች ድምፃቸውን አውጥተው እንዲያነቡ በትሕትና እንጠይቃለን።»

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

ወረቀቱ ረጅም ነበር። ንባቡ አጭር ነበር። ያን ጊዜም አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩት። ድምፅ አውጥተው ያንብቡ የሚለውን ደግሞ ከልቤ እስማማበታለሁ፤ የመጥረቢያው ቂምም ገና ሆዴ ውስጥ አለ። ደበላ ብዬ ፈረምኩ። ሦስት ፊደል ናት። ያቺን እንኳ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የጻፍኳት።

ሚያዝያ ላይ ወደ ሰበታ መዛወሯን ሰማን። የመጨረሻዋ ቀን በሩ ላይ ቆመች። ማዳበሪያውን ለልጆቹ ትታዋለች፣ እጇ ባዶ ነው። መነጽሯን ጠረገች።

«ኦቦ ደበላ፣ እኔ ስንት ሰዓት እንደምደርስ እርስዎ ያውቃሉ።»

«እንዴት አላውቅም» አልኩ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የመሰናበቻ ጨዋታ መሰለኝ።

ልታለቅስ የደረሰች እስኪመስለኝ አየችኝ፤ አላለቀሰችም። «እንግዲያው ምን እላለሁ» ብላ ወደ አስፋልቱ ወረደች።

በምትኩ የመጣው መምህር ጫማውን አያወልቅም። ሦስተኛ ክፍልም ከሌሎቹ ጋር መጮህ ጀመረ። ማዳበሪያው ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ አይጥ በላው። ጫልቱ ብቻ ቅጠሏን አልተወችም፤ በኋላ ቅጠሉም ቀረና ከንፈሯ በራሱ ዝም አለ።

በ2013 ስድሳ ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። ለጡረታው የግል ማህደሬን ከትምህርት ቤቱ ሰጡኝ። ጫልቱ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቼን አልጋ ላይ ዘርግታ ስታስተካክል አንዱ ላይ ቆመች። በዓይኗ አነበበችው። ፊቷ እየጠቆረ ሲሄድ አየሁት።

«ምን ይላል?»

ወረቀቱን አገላበጠችው።

«ጫልቱ፣ አንብቢልኝ እንጂ!»

«አላነብልዎትም» አለች። ወጥታ ከአጥሩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጥፋ መጣች። አጥባዋለች። መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «ሰው አንብቦልዎት ነው የፈረሙት። ይኸንን ራስዎ ያንብቡት፣ አካኮ።»

የሚያስቅ ነገር ነበር፣ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ቅጠል በከንፈሩ። ማናችንም አልሳቅንም። ስንቴ ወደቀ። ስንቴ አነሳሁት። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትሄድ ድረስ አንብቤ ጨረስኩ። ዲሬክተሩ ያስፈረመኝ የዚያ ወረቀት ግልባጭ ነው፤ ስለ ንባብ አንድ መስመር የለውም። መምህርት ነፊሳ ዘወትር ከደወል በኋላ እንደምትገባ፣ ሥራዋን እንደምትበድል ይላል። «ይህንንም የበር ጥበቃው በየቀኑ በዓይኑ የሚያየው ስለሆነ በፊርማው ያረጋግጣል» ይላል። ከሥሩ ያቺ ሦስት ፊደል አለች። ሌላ ፊርማ የለም። ወላጅ የለም፣ ሠራተኛ የለም። እኔ ብቻ።

ጫልቱ አንድ ሳምንት አላናገረችኝም። በሳምንቱ ወረቀቱን ይዤ ሰበታ ወረድኩ። የለችም። ያ ወረቀት ተከትሏት ሄዷል፤ «አርፋጅ» ተብላ ክፍል ከለከሏት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጧት፣ በሁለተኛው ዓመት ተወችው። ቡራዩ ሄድኩ። በአባቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ አገኘኋት። ከሻሿ ሥር የወጣው ፀጉሯ ሸብቷል።

«ኦቦ ደበላ!» አለች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን አየች። ሜትሩን አስቀመጠች።

«አላነበብኩትም ነበር» አልኳት። «ሌላ ነገር ነው ያነበበልኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አነበብኩት።»

«ጮክ ብለው?»

«በዓይኔ።»

መነጽሯን ጠረገች። ልማድ ነው መሰለኝ፣ ያኔ ለልጆቹ እንደምትለው፣ ዝግ ብላ «ምን አገኙ?» አለችኝ።

«ውሸት አገኘሁ። ከሥሩ የኔ ስም አለ።»

«አራት ዓመት ሙሉ አውቀው ያደረጉት ነበር የመሰለኝ» አለች። «በየቀኑ ተገናኝተን፣ በየቀኑ አካም ቡልተን ተባብለን። ከሥራው ይልቅ የገደለኝ እሱ ነው።» ከዚያ ፈገግ አለች፣ ፈገግታው አይጥምም። «እንግዲህ ያረፈድኩት እኔ አይደለሁም።»

«ሄጄ እናገራለሁ» አልኩ። «ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄጄ!»

«አይናገሩ። ተናግረው ማን ይይዝልዎታል? ስሜን ያጠፋው ወረቀት ነው። በእጅዎ ይጻፉት። ወደ ክፍሌ ልመለስ የምችለው በሱ ብቻ ነው።»

እጽፋለሁ ብዬ ማልኩላት።

አልጻፍኩም። ለጡረታዬ መሸኛ የሚፈርመው ዲሬክተሩ ነበር፤ እሱ ከቦታው ይልቀቅ አልኩ። ለቀቀ። ከዚያ እሱ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተሾመ፤ አሁን ብጽፍ እሱ እጅ ይገባል አልኩ። ከዚያ ደግሞ እጄ አይጽፍም አልኩ። ጫልቱ መጀመሪያ «ጻፉት?» ትለኝ ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወች። እሷ ከነፊሳ ጋር በስልክ ትጻጻፍ ነበር፤ እኔ ግን ሰላም አድርሽልኝ የምልበት አፍ አልነበረኝም። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሄደ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ጫልቱ ስልኳን እያየች ፊቷ ተለወጠ። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ምን ይላል አላልኳትም።

ቡራዩ ስንደርስ ቀብሩ አልቋል። ሐዘን ቤቱ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ሰው ሁሉ በካልሲ ነው የሚገባው። ያን ጫማ ሳይ በሩ ላይ ቆምኩ። ጫልቱ ጎንበስ ብላ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታችልኝ።

እህቷ ተቀበለችን። «ማን ልበል፣ አባባ?»

«የሱሉልታው ዘበኛ ነኝ።»

አየችኝ። «ያ ዘበኛ?»

«አዎ። ያ።»

አላባረረችኝም። ቦታ ሰጠችኝ። ቆየት ብላ፣ ለኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «የመቀስቀሻ ሰዓቷን አጥፍታው አታውቅም» አለች። «ትምህርት ቤት ከተወች በኋላም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጮኻል። ትነሳለች፣ ትለብሳለች፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ትላለች። ዛሬ ጠዋትም ጮኸ።»



በማግስቱ ጠዋት ከጫልቱ ደብተር አንድ ሉክ ወረቀት ቀደድኩ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። «እኔ ደበላ ዘበኛ ነበርኩ። መምህርት ነፊሳ አንድ ቀን አላረፈደችም። በር ስከፍት ቆማ ነው የማገኛት። ያረፈድኩት እኔ ነኝ። የፈረምኩት ውሸት ነው። ሳላነብ ፈረምኩ።» ጫልቱ ላስተካክልልዎ አላለችም። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ውስጥ አንድ ወጣት ጸሐፊ አለ።

«ምንድነው አባባ? በቃል ይንገሩኝና እኔ አደርስልዎታለሁ።»

«አልናገርም። አንብበው።»

«እሺ፣ እዚያ ላይ ያስቀምጡት።»

«አላስቀምጥም። አሁን አንብበው። ጮክ አትበል።»

ልጁ ተነፈሰና ወረቀቱን ሳበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አገኘህ?» አልኩት።